እትዬ ዘርፌ የጠየቀችልኝ

እትዬ ዘርፌ ማረፏን የሰማሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ማንጎ ስገዛ ነው። ሻጯ ማንጎውን እየመረጠች፣ «ያቺ ዓሣ ቤት አብራሽ ትሠራ የነበረችው ሴትዮ እኮ ሞተች፤ ትናንት አገሯ ኦቾሎ ቀበሯት» አለችኝ። ዘመዷ ስላልሆንኩ ማንም ሊደብቀኝ አላሰበም። ማንም ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩቶ አላረዳኝም። ማንጎዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እሷ ጴንጤ ነበረች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሟን በጸሎቴ ጠራሁ። ይፈቀዳል አይፈቀድም ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። ለእሷ ያለኝን ምስጋና እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሰውም እንዲያውቀው ይህን እጽፋለሁ።

የተዋወቅነው ሲቀላ በሚገኝ አንድ ዓሣ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሳሙኤል ይባላል። ዓሣው ጠዋት በፒክአፕ ከጫሞ ሐይቅ ይመጣል። እኔና እትዬ ዘርፌ ቅርፊቱን እንፍቃለን፣ ሆድ ዕቃውን እናወጣለን፣ ለጥብሱና ለጉላሹ እንለያለን። የምሳ ሰዓት ግርግር ሲያልፍ ደግሞ ለማታው የሚሆነውን ይዘን ከአዳራሹ ጥግ እንቀመጣለን። ከፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በዚያ ሰዓት ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎች ይታያሉ። ዓሣውን በዳጣ እያጣቀሱ የሚቆዩ ደንበኞችም አብረውን ያያሉ።

እትዬ ዘርፌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ ቶሎ የማይስቅ ሴት ነበረች። የተወለደችው ኦቾሎ ነው። አማርኛዋ የኦቾሎን ቃና የያዘ ነበር፤ ስትቸኩል ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች። ስናርማት «ገባችሁ አይደል? በቃ» ትላለች። ድራማ ስታይ እጇ ሥራ አያቆምም። የጎደለ ነገር ስታይ ግን ቢላዋው አየር ላይ ይቆማል። ጫፉን ወደ ቴሌቪዥኑ ታቀናውና ትጠይቃለች። የዓሣው ቅርፊት እስከ ክንዷ ድረስ ተለጥፎ ያብረቀርቃል።

አንድ ድራማ ነበር። ሀብታም ሽማግሌ ታሞ ተኝቷል፣ ልጆቹ በውርስ ይጣላሉ። ሽማግሌው ሊሞት ሲል የቤት ሠራተኛዋን መድኃኒት ግዢ ብለው በዝናብ ላኳት። ልጅቷ ነጠላ ጫማ አድርጋ ሮጠች። በሚቀጥለው ክፍል ሽማግሌው ድኖ ሻይ ይጠጣል። ሠራተኛዋ የለችም።

«ልጅቷስ?» አለች እትዬ ዘርፌ። ቢላዋው ተነሥቷል።

«የቷ ልጅ?» አለ ሁልጊዜ ምሳውን እኛ ጋ የሚበላ አንድ የባንክ ሠራተኛ።

«መድኃኒት የተላከችው።»

«ተዋናይቷ ደመወዝ ጨምሩልኝ ብላ ጥላቸው ሄዳ ይሆናላ።»

«ተዋናይቷን ማን ጠየቀህ? እኔ ልጅቷን ነው ያልኩ። ደግሞ እሷ ካልተመለሰች መድኃኒቱን ማን አመጣው? ሽማግሌው ዳነ እኮ!»

«በጸሎት ይሆናል» አለ ጋሽ ሳሙኤል ከሒሳብ መቀበያው ሆኖ።

«ሲጸልዩ አላየሁም።»

«ወይ ጉድ! ዘርፌ፣ ልጅቷ አገሯ ሄዳ አግብታለች፤ ተያት።»

«አየሃት?»

«አላየኋትም።»

«እንግዲያው አትበል።»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ድራማው ለወራት ቀጠለ። ልጆቹ ታረቁ፣ ተጋቡ፣ ሽማግሌው በመጨረሻ ሞተ። የቤቱ በር በተንኳኳ ቁጥር እትዬ ዘርፌ ቀና ትላለች። መጨረሻው ክፍል ሲያልቅ፣ «ሰውን ጠርተህ ደጅ ላይ አትረሳውም» አለች። ይህ አባባሏ ነበር። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

በቤተ ክርስቲያናቸውም እንዲሁ ናት። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰባኪ ስለ አንድ ነጋዴ ተረከላቸው። ነጋዴው ጨው የጫነ አህያውን ወንዝ ዳር አስሮ መሻገሪያ ሊፈልግ ገባ፣ ጎርፍ ወሰደው፣ ጸለየ፣ ማዶ ወጣ፣ እየዘመረ ቤቱ ገባ። ሕዝቡ «ሃሌ ሉያ» አለ። እትዬ ዘርፌ እጇን አወጣች።

«ወንድም፣ አህያዋስ?»

«ምን አልሽኝ እህቴ?»

«አህያዋ። ታስሮ ነው የቀረው። ጨውም ተጭኖበታል።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሰባኪውም ጨዋ ነበር፤ ሳቀና «አጣርቼ ስመለስ እነግርሻለሁ» አላት። ይህን ለእኛ ስትነግረን፣ «እስካሁን አልተመለሰም» አለች በቁም ነገር።

ጋሽ ሳሙኤል ደግሞ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩ ላይ የጦርነት ጌም ይጫወታል። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን ሲጫወት ምላሱን በጥርሱ ይነክሳል። አንድ ቀን እትዬ ዘርፌ ከትከሻው በላይ ሆና ስታይ ቆየች።

«ይቺ ጉድጓድ አጠገብ ያለችው ሴት ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናት» አለችው።

«ማሳመሪያ ናት፤ ዝም ብላ የምትቆም።»

«ልጅ የላትም? አይመሽባትም?»

«ዘርፌ፣ ተይኝ! ጠላት እየመጣ ነው።»

«መንደሩ ተቃጠለ እኮ! ቤቷ ሲቃጠል እንኳ እንስራዋን አላወረደችም። ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

ጋሽ ሳሙኤል በዚያ ቀን ተሸነፈ። «ዓይኔ ከሴትዮዋ ላይ አልነሣ ብሎኝ ነው የተሸነፍኩት» ብሎ ለደንበኛው ሁሉ አወራ።

ሰዎች እንዲህ የሆነችበትን ምክንያት ያወሩ ነበር። ባሏ ጦር ሜዳ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቶባት ነው ይላሉ። እኔም አምኜ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃት በጣም ተገረመች። «ባሌ? ባሌ እኮ ኦቾሎ፣ አልጋው ላይ፣ እጄን ይዞ ነው የሞተው። የመጨረሻውን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም አውቃለሁ» አለችኝ። ከዚያም ዓሣዋን መፋቅ ቀጠለች።

እኔ በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ አስወርዶኝ ነበር። ሁለቱም ልጆች አምስት ወር ሳይሞላቸው ነው የወጡት። በሦስተኛው ሳረግዝ ሐኪሙ ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ፣ እንዳልደነግጥ፣ እንዳልጨነቅ አስጠነቀቀኝ። ይህ ልጅ ከወጣ ሌላ ተስፋ እንደሌለኝ በአፉ ባይለኝም ገብቶኛል። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ፊቴን ሳያይ አይገባም ነበር። እትዬ ዘርፌ የዓሣውን ገንዳ ብቻዋን ትሸከማለች። እኔ ልነሣ ስል «ተቀመጪ» ትለኛለች፤ ሌላ ቃል የለም።

ታላቅ ወንድሜ ተካልኝ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። የሚሠራው በሞያሌ መንገድ ነበር። በየእሑዱ ከቅዳሴ ስወጣ ይደውልልኛል። ሰኞ ሰኞ እትዬ ዘርፌ ገና ሽርጧን ሳታስር «ተካልኝስ? ደወለ?» ትለኛለች። የነገረኝን እነግራታለሁ። እሱም ያውቃታል። ሥራ ላይ ሳለሁ ከደወለ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እሰጣታለሁ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ትልቁን ዓሣ እንዳትሸጪብኝ!»

«መጀመሪያ ሚስት አግባ፤ ዓሣውን ለእሷ እሰጣለሁ።»

«አንቺን ነው የማገባ።»

«እኔ አርጅቻለሁ። ደግሞ አንተ ሐሙስ ኮንሶ ነኝ፣ ሐሙስ ማታ ሞያሌ ነኝ ብለሃል። መኪናው ክንፍ አለው?»

እሱ ይስቃል። ሳቁ በአዳራሹ ሁሉ ይሰማል።

እርግዝናዬ ወደ አምስት ወር ሲጠጋ በአንድ እሑድ ሳይደውል ቀረ። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ባለቤቴ «ሞያሌ ላይ ስልኩ ተሰርቆ ነው፤ በሰው ስልክ ደውሎልኛል» አለኝ። በሳምንቱ አጎቴ ሊጠይቀኝ መጣና፣ «ተካልኝ ኬንያ ተሻግሯል፤ ከሄደ አሥራ አምስት ቀን ሆነው» አለኝ። አሥራ አምስት ቀን ከሆነው ሞያሌ ላይ ሆኖ ለባለቤቴ መቼ ደወለ? ባለቤቴን ጠየቅሁት። ሳል ያዘው፣ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ።

እኛ ጋ ሞት እንዲህ በድንገት አይነገርም። እርጉዝ ሴት ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ፣ እስክትጠነክር ይጠበቃል። ጊዜው ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳታል። እስከዚያ ሁሉም አንድ ቃል ሆኖ ይደብቃል። እኔም ለሌሎች ደብቄ አውቃለሁ። የሚደበቀው ከእኔ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በቀጣዩ ሳምንት የሁሉም ወሬ አንድ ሆነ። ተካልኝ መኪናው ለመንገድ ሥራ ተከራይቷል፣ ከጂንካ ወዲያ በረሃ ውስጥ ድንጋይ ያመላልሳል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ሥራው እስኪያልቅ መኪናውን ጥሎ መውጣት አይችልም። ባለቤቴም፣ አጎቴም፣ ጎረቤቶቼም ይህንኑ አሉ። ስልኩ የተሰረቀው ከዚያ በፊት ነው፤ ኬንያ የተባለው የሌላ ሹፌር ነገር ተቀላቅሎ ነው። ሁሉም ገጠመ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የማላውቀው ሹፌር ዓሣ ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ተካልኝ ላከልሽ» ብሎ በጀሪካን ማር ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ጠዋት ጠዋት ከማሩ እቀምሳለሁ። ያ አምስተኛው ወር አለፈ።

ይህን ሁሉ ያቀናጀችው እትዬ ዘርፌ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ለምርመራ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን አጎቴ ዓሣ ቤት መጥቶ የሆነውን ነገራት። ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ስለምትውል ቃሏ ከእነሱ ቃል ጋር አንድ እንዲሆን ፈልጎ ነው። የሚሉትን ሰምታ ስታበቃ፣ «ይህ አይሆንም» አለችው። «ይህቺ ልጅ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ስንት ድራማ አይታለች። የጎደለውን ወዲያው ታገኘዋለች። ካገኘች ደግሞ ትደነግጣለች።» አጎቴ «ታዲያ ምን እንበል?» አላት። መንገዱን፣ በረሃውን፣ ድንጋዩን ሰጠችው። ማሩንም የገዛችው እሷ ናት።

የድራማዋን ሠራተኛ እንኳ ሳታያት አገሯ ገብታለች ለማለት ያልፈቀደች ሴት ናት። ለእኔ ስትል ግን የሌለ መንገድ ሠራች። ኃጢአት ሆኖባት ይሆን ብዬ በኋላ የነፍስ አባቴን ጠይቄያለሁ። አባም «ማሩን በላሽው?» አሉኝ። «በላሁት አባ።» «ልጅቷ ጸናች?» «ጸናች።» «እንግዲያው እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት» አሉኝ።

የሠራችልኝ ታሪክ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ያንን ያገኘሁት ሰባተኛው ወር ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ዓሣ እንፍቃለን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ ድራማ አለ፤ አንዱ ወጣት የጓደኛውን ሞተር ሳይክል ተውሶ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። «ሞተሩስ?» አለች እትዬ ዘርፌ። ደንበኛው እንደ ልማዱ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል አንድ ነገር አሰብኩ። ይህቺ ሴት ስለ ሞተር ሳይክል ትጠይቃለች። ስለ አህያ ትጠይቃለች። የሁሉም ወሬ አንድ ከሆነ ወዲህ ግን አንድም ሰኞ «ተካልኝስ?» ብላኝ አታውቅም።

ቢላዬን አስቀመጥኩ። ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ዘርፌ» አልኳት። «ተካልኝስ?»

ወደ እኔ አልዞረችም። እጇ ግን ቆመ። ቢላዋውን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አንቺ መጀመሪያ ውለጂ» አለችኝ። «ከዚያ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ምንም ሳላስቀር።»

ሌላ አልጠየቅሁም። ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጁ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ዘርፌ እጄ ላይ እጇን ጫነች፤ ቅርፊቱ ወደ እኔ እጅ ተላለፈ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩም። ደክመው የሠሩትን ላፈርስባቸው አልፈለግሁም። ማሩንም መቅመስ አላቆምኩም። ጸሎት ላይ ብቻ ተቸገርኩ፤ ተካልኝን ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ከሙታን ጋር አላወቅሁም። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ስሙን ብቻ እጠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘርፌ ከጋሽ ሳሙኤል ፈቃድ ጠይቃ ለጥቂት ቀን ጠፋች። «ለሰው ጉዳይ ኮንሶ ማዶ ደርሼ እመጣለሁ» ነበር ያለችኝ። ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጫማዋ በቀይ አፈር ተሸፍኖ ነበር። የማን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ወሩ ሲሞላ ሴት ልጅ ወለድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ጤነኛ ናት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ገና ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ባለቤቴ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ ተንኳኳ። አጎቴ፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አጎቴ «አስካለ፣ ጠንክሪ። ወንድምሽ አርፏል» አለኝ። እያወቅሁ ጮህኩ። ማወቅ ሌላ ነው፣ በሰው አፍ መስማት ሌላ ነው። ሴቶቹ ያዙኝ። እትዬ ዘርፌ ከመሃላቸው ወጥታ ሕፃኗን ከአልጋ አነሣችና ወደ ደጅ ይዛት ወጣች። ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ ፀሐይ ላይ ይዛት ተቀመጠች።

የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው፤ ወባ ይዞት በመንገድ ሞተ፣ እነ አጎቴ ሄደው እዚያው ቀበሩት። ሬሳው አርባ ምንጭ ቢመጣ እሰማ ስለነበር ነው። ከዚህ ሌላ የሚያውቁት አልነበረም። በአንድ ቀን ሄደው፣ ቀብረው፣ ተመልሰዋል። አልፈርድባቸውም። ሰው ሲሞት እኛ የምናስበው መቅበርን ነው።

ሠልስቱ አልፎ ለቀስተኛው ሲቀንስ እትዬ ዘርፌ በአንድ ከሰዓት መጣች። በሩን ገርበብ አደረገች። ዱካውን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አሁን ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

የሄደችው ለዚህ ነበር። ከኮንሶ አልፋ፣ ያቤሎ ሳይደርሱ ያለች ትንሽ ከተማ ወርዳ፣ እየጠየቀች የሞተበትን ምግብ ቤት አገኘችው። በተራ ነገረችኝ። ያየችውን «ይህን አየሁ» ትላለች፤ የሰማችውን «ይህን የነገረችኝ ዳኪ ናት» ትላለች። ዳኪ የምግብ ቤቱ ባለቤት ናት።

ተካልኝ ኮንሶን እንዳለፈ መንቀጥቀጥ ጀመረው። ረዳቱ እንመለስ ቢለው፣ «ወባ ነው፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ» አለው። መኪናውን ራሱ ነድቶ የዳኪ ቤት በር ላይ አቆመ። ቁልፉን ለረዳቱ ሰጠው። ዳኪ የራሷን አልጋ ለቀቀችለት። ጤና ጣቢያ ወስደውት መድኃኒት ተሰጠው፣ አንድ ቀን ተሻለው። በዚያ ቀን የወተት ሻይ ጠየቀ፤ ግማሹን ጠጣ። ዳኪን «ስድን ከአርባ ምንጭ ዓሣ አመጣልሻለሁ» አላት። በማግስቱ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ሰው መለየት አቃተው። በሚቀጥለው ጠዋት፣ ገበያተኛው መግባት ሲጀምር፣ ሞተ። ረዳቱ በቀኙ ነበር። ዳኪ እግሩን ይዛ ነበር። አጎቴ ደርሶ ሲያጥቡት የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ረዳቸው።

«ማተቡስ?» አልኳት።

«አንገቱ ላይ ነው። አጎትሽ አልፈታውም፤ ጠይቄዋለሁ።»

«መቃብሩስ?»

«ከበላዩ ግራር አለ። አየሁት። ድንጋይ ከበውበታል። ጫማውን ረዳቱ አድርጎታል። እሱንም አየሁ፤ ልኩ ነው።»

አለቀስኩ። እንደዚያ ማለዳ ግን አልጮህኩም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ውስጤ የቀረውን ጠየቅኋት።

ማርገዜን ለተካልኝ አልነገርኩትም ነበር። ከሁለቱ በኋላ ፈርቼ ለሰው አላወራሁም። በየእሑዱ ስልኩ ሲደወል፣ «የሚቀጥለው እሑድ እነግረዋለሁ፤ ትንሽ ይጽና» እላለሁ። ምናልባት ሌላ ሰው ነግሮት ይሆናል። አርባ ምንጭ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሹፌር ደግሞ ወሬ አያጣም።

«እትዬ ዘርፌ፣ ማርገዜን ያውቅ ነበር?»

እጆቿን አየች። ሕፃኗ ጭኔ ላይ ተኝታለች። 

«ዳኪን ጠየቅኋት» አለች። «ረዳቱን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። ስምሽን ጠርቷል። ‹አስካለ እንዳትደነግጥ› ብሏል። ስለ ልጅ ሲናገር የሰማ የለም። ባልሽም አልነገርኩትም ይላል። አላወቅሁም፣ አስካልዬ። ይህን አላገኘሁትም።»

«ያውቅ ነበር፤ ደስ ብሎታል» ብትለኝ አምናት ነበር። የሌለ መንገድ ሠርታ፣ ማር ልካ፣ ለወራት አሳምናኛለች። ይህን አንድ ቃል መጨመር ለእሷ ምንም አልነበረም። እኔም መስማት ፈልጌ ነበር። ፊቴ ላይ አይታዋለች። አላለችውም።

ያንን አንዱን እንደጎደለ ስለተወችው የቀረውን ሁሉ አመንኳት። ቁልፉን፣ የወተት ሻዩን፣ የዳኪን እጅ አመንኩ። ስለዚህ ዛሬ ልጄ አጎቷ እንዴት እንደሞተ ስትጠይቀኝ የምነግራት አለኝ። ወንድሜ ብቻውን አልሞተም። ይህን አውቃለሁ።